ማዕረግ በአፍ አይጠየቅም

አንድ ማታ ወጣቶቻችን ከድንኳኖቹ ጀርባ ካራቴ ሲለማመዱ ቆመን አየን። ከመካከላቸው አንዱ ጥቁር ጨርቅ ታጥቆ ነበርና «ማን ሰጠህ?» ብንለው «ማንም አልሰጠኝም ጋሼ፤ ራሴ ታጠቅሁት» አለን። ጓደኞቹ ሳቁበት። እኛ ግን የቀበቶውን ታሪክ ልንጽፍለት ወደድን።

ታሪኩ የሚጀምረው በጃፓን ነው። ጂጎሮ ካኖ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ቶኪዮ በሚገኝ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ በ12 የሣር ምንጣፎች ላይ፣ ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት ከፈተ። ካኖ በኋላ የቶኪዮ ከፍተኛ የመምህራን ማሠልጠኛ ርእሰ መምህር ሆኖ ለብዙ ዓመታት ስለሠራ፣ የሙያ ወንድማችን ነው ብንል አላበልንም።

ከእርሱ በፊት የነበሩ የትግል መምህራን ለተማሪ የሚሰጡት ማስረጃ በጥቅልል ወረቀት የተጻፈ ነበር፤ ከአንዱ ጥቅልል እስከ ሌላው ግን ብዙ ዓመት ይፈጅ ነበር። ካኖ ይህ የተማሪን ልብ እንደሚያዝል ተረድቶ መንገዱን በአጫጭር እርከኖች ከፈለው። በ1883 ለቶሚታና ለሳይጎ የመጀመሪያውን ዳን ሰጠ። ጥቁሩ ቀበቶ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1922 ከኦኪናዋ ወደ ቶኪዮ የመጣው ጊቺን ፉናኮሺም፣ እርሱም የትምህርት ቤት መምህር የነበረ፣ ይህንኑ ሥርዓት ወስዶ በ1924 የካራቴ ዳን መስጠት ጀመረ።

ከእርከኑ ጋር ወግ አብሮ መጣ። በብዙ ማሠልጠኛዎች ተማሪው «እኔስ መቼ አድጋለሁ?» ብሎ መጠየቁ እንደ ነውር ይቆጠራል፤ መምህሩ አይቶ፣ መዝኖ ይጠራዋል። የተጠራውም ቀበቶውን በሁለት እጁ ተቀብሎ እጅ ይነሣል፤ መምህሩም አጸፋውን ይመልሳል። ሲጥሉት ሲያነሡት የኖሩትን የልምምድ ጓደኞቹንም ያመሰግናል። የመጀመሪያው ዳን በጃፓንኛ ሾዳን ይባላል፤ ትርጉሙም የመነሻ እርከን ማለት ነው። ጥቁር የታጠቀ ሰው ትምህርቱን ጨረሰ ሳይሆን ገና ለመማር በቃ ማለት ነው።

እነሆ፣ ከእኛም ብዙዎች ዲፕሎማችንን ጥለን ወጥተናል። ወረቀቱ ሲቀር ማዕረጉም አብሮ ቀረ ወይ እያልን የምንጨነቅበት ሌሊት አለ። ነገር ግን ወረቀትም ጨርቅም ምስክር ብቻ ናቸው፤ ማዕረጉን የሰጠው ሲደክም ያየው የመምህር ዓይን ነው። ያ ዓይን ዛሬም በእኛ ዘንድ አለ፤ በዛፍ ሥር የምናስተምራቸውን ልጆች አይተን እንመስክርላቸው።

ልጁንም «ጨርቁን ፍታ» አላልነውም። «ሲደክምህ የሚያይህ ታላቅ ፈልግ» አልነው።