«ዩታናሲያ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ቃሉ የግሪክ ነው፤ «ኤው» መልካም፣ «ታናቶስ» ሞት ማለት ነው። አማርኛ ለሐሳቡ ባዳ አይደለም። ሽማግሌዎቻችን «አሟሟቴን አሳምርልኝ» ብለው የሚጸልዩት መልካም ሞትን ነው። እነሱ ግን የሚለምኑት ፈጣሪን ነው፤ በዩታናሲያ የሚለመነው ሐኪም ነው። «ያማረ አሟሟት» ብለን ብንተረጉመው የእነሱን ጸሎት ላላሰቡት ነገር እናውለዋለን።

አንዳንዶች «የምሕረት ግድያ» ይሉታል። ይህን መቀበል ይከብደኛል። «ግድያ» የሚለውን የሰማ ሰው ፍርዱን ጨርሷል። «ምሕረት»ም ቢሆን በአማርኛ አብዝቶ የሚነገረው ለበደለኛ ነው፤ በአልጋ ላይ የሚሰቃይ ሰው ማንን በድሏል?

ፍርዱ ግን ለፍርድ ቤት እንኳ ቀላል አልነበረም። ኔዘርላንድ ውስጥ ኼርትራውዳ ፖስትማ የተባለች ሐኪም፣ አካሏ ሽባ የሆነባትንና ሞትን ደጋግማ የለመነችውን እናቷን መድኃኒት ወግታ ለሞት አበቃቻት። እ.ኤ.አ. በ1973 የሌዋርደን ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ናት አለ። የፈረደባት ግን የአንድ ሳምንት እስራት ነበር፣ እሱም በገደብ። ዳኞቹ ሕጉን አልሻሩም፤ ልጅ ለእናቷ ያደረገችውን ከተራ ነፍሰ ገዳይ ሥራ ጋር እኩል መመዘንም አልሆነላቸውም።

እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራ ላይ የዋለው የአገሪቱ ሕግም ይህን ውጥረት ይዞ ቀርቷል። ድርጊቱ እስከ ዛሬ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 293 የተከለከለ ነው። ሐኪሙ ከቅጣት የሚድነው ታማሚው በፈቃዱና አስቦበት ከጠየቀ፣ ሥቃዩ የማይቻልና ተስፋ የሌለው ከሆነ፣ ሌላ ገለልተኛ ሐኪምም ካየው ነው። ሕሊናው ያልፈቀደለት ሐኪም አይገደድም።

ሕጉ ራሱ ድርጊቱን የሚጠራበት ስም ወደ አማርኛ ሲመጣ «በጥያቄ ሕይወትን ማቋረጥ» ይሆናል። እኔም የምመርጠው ይህንን ነው። ከ«የታገዘ ሞት» ግን መለየት አለበት። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት ሐኪሙ መድኃኒቱን ያዝዛል እንጂ አይሰጥም፤ የሚወስደው ታማሚው ራሱ ነው። እጁን የሰነዘረው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ለሕግም ለሕሊናም ትልቅ ነገር ነው።

አማርኛ ሕግንና ሕሊናን የሚለይበት ሀብት አለው። ኃጢአት በፈጣሪ ፊት፣ ነውር በሰው ፊት፣ ወንጀል በሕግ ፊት ነው። በአምስተርዳም ወንጀል ሆኖ የማያስቀጣው ነገር ለአንዲት ሐበሻ እናት ኃጢአት ሊሆንባት ይችላል፤ ልጇ ደግሞ ነውሩን ይፈራ ይሆናል። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በበኩሉ በአንቀጽ 542 ራሱን ለማጥፋት የሚፈልግን ሰው መርዳትን ይቀጣል።

የአምስተርዳሙ ሐኪም ለዚያች እናት ሲያስረዳ መካከል የሚቀመጠው አስተርጓሚ «ግድያ» ቢላት ፈርዶባታል፤ «ያማረ አሟሟት» ቢላት ገፋፍቷታል። «ሐኪሙ፣ ራስዎ ከጠየቁ፣ ሕይወትዎን ማቋረጥ ይችላል፤ እምቢ ማለትም ይችላሉ» ቢላት ግን መልሱ የእሷ ይሆናል።