«ጃጅተዋል» ማለት የሚያስከትለው መርሳት

የ30 ዓመት ሰው ቁልፉ ቢጠፋበት «ሐሳብ በዝቶበት ነው» ይባላል። የ70 ዓመት ሰው ሲጠፋበት ግን «ጃጅተዋል» ነው የሚባለው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህ ፍርድ በራሱ፣ ዕድሜ ከሚያደርሰው ጉዳት ሌላ፣ ማስታወስን እንደሚያዳክም ደርሰውበታል።

ቤካ ሌቪ የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ስለ እርጅና የሚነገሩ ቃላት በኮምፒውተር መስኮት ላይ ዓይን ለይቶ ሊያነባቸው በማይችል ፍጥነት ለአረጋውያን እንዲታዩ ተደረገ። ጥበብን የሚያመለክቱ ቃላት የታዩአቸው በማስታወስ ፈተና ሲሻሻሉ፣ መጃጀትን የሚያመለክቱት የታዩአቸው ግን ዝቅ አሉ። በወጣቶች ላይ ተመሳሳይ ለውጥ አልታየም፤ ስድቡ እነርሱን አይመለከትማ።

እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ሌላ ጥናት ይበልጥ ያስገርማል። ፈተናው «ማስታወስን የሚለካ ነው» ሲባል አረጋውያን ከወጣቶች አነሱ። ያው ፈተና ማስታወስ የሚለው ቃል ሳይነሳ ሲቀርብ ልዩነቱ ጠፋ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ቶማስ ሄስና ባልደረቦቻቸው፣ ስለ እርጅናና መርሳት መጥፎ ዜና ያነበቡ አረጋውያን ያስታወሱት ቃል ማነሱን አሳዩ (ለእኛ ለጋዜጠኞችም የሚሆን ትምህርት ነው)። ይበልጥ የተጎዱት የማስታወስ ችሎታቸውን ከፍ አድርገው የሚመለከቱት ነበሩ። አንዱ ማብራሪያ ይህ ነው፦ «ረሳ እንዳልባል» የሚለው ስጋት ለማስታወስ ሊውል የሚገባውን ትኩረት ይሻማል።

ጉዳቱ በፈተና ክፍል ብቻ አያበቃም። ሌቪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት፣ 395 ሰዎችን እስከ 38 ዓመት በተከታተለ ጥናት፣ ስለ እርጅና መጥፎ አመለካከት የነበራቸው ሰዎች 60 ዓመት ካለፋቸው በኋላ የማስታወስ ችሎታቸው ከሌሎቹ በ30 በመቶ ገደማ ይበልጥ ቀንሷል። እርግጥ ነው፣ ዕድሜ ማስታወስን ያዘገያል፤ ሁሉንም በአመለካከት ማሳበብ አይቻልም።

በእኛ አገር ነገሩ ሁለት ገጽ አለው። ሰላ ድንጋይን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ እዚያው ተቀምጠው ሰፊ አገር ያስተዳድሩ ነበር፤ ልጃቸው ያኔ ከ40 ዓመት በላይ ነው። በአካባቢውና በአጎራባቹ መንዝ ርስት ይገባኛል የሚል ሰው ትውልዱን እስከ አቅኚው አባት ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። ትውልድ የሚቆጥሩትና ወሰን የሚመሰክሩት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ፊደል አልቆጠሩም። እዚህ ላይ ዕድሜ የምስክር ክብደት እንጂ የጥርጣሬ ምክንያት አልነበረም። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር፣ ይህ የሽማግሌው ሥራም አብሮ ቀረ።

ሽማግሌ የሚለው ቃል ዛሬም አስታራቂ ማለት ነው፤ አሮጊት የሚለው ግን ለስድብ የቀረበ ነው። በከተማ ደግሞ 60 ዓመት የሞላው ሠራተኛ ጡረታ ሲወጣ፣ ትላንት ሰነድ ሳያይ ፋይል የሚያስታውሰው ሰው በማግስቱ ስም ቢሳሳት ይሳቅበታል። ማክበር ብቻውን በቂ መከላከያ አይመስልም፤ እጁን ስመን የምናከብረውን ሰው ሒሳቡን እንዳይቆጥር የምንከለክለው ብዙ ጊዜ ነው። እንዲህ ሲደረግ አእምሮ ልምምዱን ያጣል።

ሌላው አደጋ በሕክምና በኩል ነው። «እርጅና ነው» ተብሎ የሚታለፍ መርሳት የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ ድብርት ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት ያመጣው ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ ሁሉ ይታከማሉ። ጆሮ ሲደክምም ያልተሰማ ነገር እንደ ተረሳ ይቆጠራል። ቁልፍ መርሳት ብዙም አያሳስብም። በለመዱት መንገድ መጥፋት፣ የቁልፉን ጥቅም መርሳት ወይም በወራት ውስጥ የመጣ ለውጥ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ አረጋዊውም ባለበት እንጂ በስተጀርባው ሊወራ አይገባም።