የጋራ ሙያዊ ትምህርትና የቡድን ሥራ በጤናና በማኅበራዊ አገልግሎት

የጋራ ሙያዊ ትምህርት የተለያየ ሙያ ተማሪዎች አብረው የሚሠለጥኑበት፣ አንዱ ከሌላው የሚማርበትና የሌላውን ሙያ ድርሻ ጠንቅቆ የሚያውቅበት የትምህርት ዘዴ ነው። ዓላማው ጤና መኮንኑ፣ ነርሷ፣ አዋላጇ፣ የላቦራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያው፣ የአካባቢ ጤና ባለሙያውና ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ሥራ ላይ ሲገናኙ አንድን ታማሚ ወይም አንድን መንደር በጋራ መርዳት እንዲችሉ ነው። በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ አንድ መምህር ማዳመጥ ብቻውን ይህን ስም አያሰጥም፤ ተማሪዎቹ አንድ ችግር ይዘው አብረው መመርመርና መፍትሔውንም አብረው መሥራት አለባቸው። በኢትዮጵያ የዚህ ትምህርት መነሻ ጎንደር ሲሆን፣ ምክንያት የሆነውም በጣና ዙሪያ የደረሰ የወባ ወረርሽኝ ነው። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አመጣጥ

በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው ወባ ወደ 7,000 የሚገመት ሕዝብ ፈጀ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች ጥቂት፣ አብዛኞቹም የውጭ ዜጎች ነበሩ፤ የሚሠሩትም በከተማ ነበር። መንግሥት በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ ታግዞ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከልን ከፈተ። ኮሌጁ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ጎን ለጎን ያሠለጥን ጀመር። ሦስቱ ሙያዎች በአጋጣሚ የተመረጡ አልነበሩም። ጤና መኮንኑ እንዲያክም፣ ነርሷ እናትና ሕፃን እንድትከታተል፣ ሳኒታሪያኑ ምንጭና መጸዳጃ እንዲያስተካክል ሆኖ፣ 50,000 ለሚደርስ ሕዝብ የሚታሰበውን አንድ ጤና ጣቢያ ከድሬሰሮች (ረዳት የሕክምና ሠራተኞች) ጋር አብረው እንዲይዙ ነበር የታቀደው። አብረው የሚመደቡት አብረው ይማሩ የሚለው ሐሳብ ከዚህ ተወለደ።

በ1958 የወባ ወረርሽኝ የአገሪቱን ሰፊ የከፍታ ክፍል ሲያጠቃ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል። መድኃኒት መስጠት፣ የወባ ትንኝ መራቢያን ማጥፋትና ቤት ለቤት ማስተማር በአንድ ሙያ ብቻ እንደማይቻል ዘመኑ በግልጽ አሳየ።

ኮሌጁ በ1978 ከላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀመረ፤ በ2004 የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተሰየመ። በደርግ ዘመን ተቋርጦ የነበረው የጤና መኮንኖች ሥልጠና በ1990ዎቹ ተመልሷል። በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን የሥርዓተ ትምህርቱ ምሰሶ አድርጎ ይህንኑ መንገድ አስፍቶታል።

የቡድን ሥልጠናው አሠራር

ተማሪዎች በአጭሩ «ቲቲፒ» የሚሉት የቡድን ሥልጠና ፕሮግራም የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችን ከየትምህርት ክፍሉ አውጥቶ በአንድ ጤና ጣቢያ ለሳምንታት ያሰማራል። ቡድኑ አብሮ ይኖራል፤ ቤት ለቤት ዞሮ የውኃውን፣ የመጸዳጃውን፣ የክትባቱን፣ የእርግዝና ክትትሉንና የሕመሙን ሁኔታ ይመዘግባል። ከዚያ ችግሮቹን በክብደታቸው ደርድሮ ከቀበሌ መሪዎችና ከነዋሪው ጋር ይመክርና ሥራ ይጀምራል፤ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል፣ የቀሩ ሕፃናትን ያስከትባል፣ በትምህርት ቤት ያስተምራል። ጎን ለጎንም በጤና ጣቢያው ታማሚ ያክማል።

የዘዴው ትልቁ ጥቅም ተማሪው የራሱን ሙያ ወሰን ማየቱ ነው። ተቅማጥ የያዘውን ልጅ ያከመ ጤና መኮንን ልጁ የሚጠጣው ውኃ ካልተስተካከለ ልጁ ተመልሶ እንደሚመጣ ከአካባቢ ጤና ባልደረባው ይማራል። የላቦራቶሪ ተማሪውም ማይክሮስኮፑ ላይ ያየው ውጤት ዘግይቶ ሲደርስ በታማሚው ላይ የሚያመጣውን ጉዳት ከነርሷ አፍ ይሰማል። እንዲህ ያለውን ነገር መጽሐፍ ብቻውን አያስተምርም።

በደቡብ ጎንደር

ለቡድን ሥራ አስፈላጊነት ምሳሌ የሚሆነው የደቡብ ጎንደር ዞን ከጉና ተራራ ብርዳማ ከፍታ እስከ ጣና ዳር ሞቃት ሜዳ ይዘረጋል። በደራ ወረዳ ያለችው ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ወደ አንበሳሜና ወደ እስቴ የሚወስደው መንገድም ከእርሷ ይነሣል። በእንዲህ ያለ አካባቢ ምጥ የጠናባት እናት የብዙ እጅ ሥራ ናት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በጤና ኬላ ትከታተላታለች፤ መኪና በማይደርስበት ጎረቤት በቃሬዛ ይሸከማታል፤ አዋላጇ በጤና ጣቢያ ትቀበላታለች፤ ከአቅም በላይ ሲሆንም አምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ያደርሳታል። ከእነዚህ አንዱ ሲላላ የሌሎቹ ድካም ከንቱ ይቀራል።

በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይህን ሰንሰለት እስከ ቀበሌ አውርዶታል። በገጠር በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞች ይመደባሉ፤ በተለመደው አደረጃጀት አንድ ጤና ጣቢያ አምስት ጤና ኬላዎችን እየደገፈ 25,000 ያህል ሕዝብ ያገለግላል።

የዞኑ ሁለት በሽታዎች የቡድን ሥራን አስፈላጊነት አጉልተው ያሳያሉ። የመጀመሪያው ትራኮማ ነው። ከ2005 እስከ 2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ60 በመቶ በላይ ሕፃናት ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። የመከላከያው ስልት አራት ነገሮችን ያጣምራል፤ የተቀለበሰ የዐይን ቆብን በቀዶ ሕክምና ማቃናት፣ አዚትሮማይሲን ማደል፣ ፊትን መታጠብ፣ ውኃና መጸዳጃ ማዳረስ። በገጠር ቀዶ ሕክምናውን በአብዛኛው የሚሠሩት ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶችና ሌሎች መካከለኛ ባለሙያዎች ናቸው፤ የፊት ንጽሕናው የእናቶችና የመምህራን፣ ውኃው ደግሞ የውኃ ቢሮ ሥራ ነው። መድኃኒቱ ብቻ ታድሎ ውኃው ቢቀር ሕፃኑ ዳግም ይያዛል።

ሁለተኛው ካላዛር ነው። በ2005 በሊቦ ከምከምና በፎገራ ሲከሰት በአካባቢው የማይታወቅ ስለነበር መጀመሪያ ላይ ለመድኃኒት የማይበገር ወባ መስሎ ታየ። ለቀን ሥራ ወደ ሁመራና መተማ ወርደው የሚመለሱ ሰዎች ሳያመጡት እንዳልቀረ ተገምቷል። በሽታው ከታወቀ በኋላ በአዲስ ዘመን ከተማ ሕክምና ተጀመረ። የላቦራቶሪ ምርመራ፣ ለሳምንታት በየቀኑ የሚሰጥ መርፌ፣ የምግብ ድጋፍ፣ የኤችአይቪና የሳንባ ነቀርሳ ክትትል በአንድነት ካልሄዱ የታማሚው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። ታማሚው ከየት ተመለሰ ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያም ከላቦራቶሪው እኩል ያስፈልጋል።

ማኅበራዊ አገልግሎት

የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት በአዲስ አበባ በ1959 ተጀምሮ በደርግ ዘመን ተዘጋ፤ በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ እንደገና ተከፈተ። በገጠር የሠለጠነ ማኅበራዊ ሠራተኛ ስለማይበቃ ብዙውን ድርሻ ቀበሌ፣ እድርና ቤተሰብ ይሸፍናሉ። ቢሆንም የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት ዘርፎች የሚገናኙባቸው በሮች አሉ። በ2011 ሙከራው የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ከመጀመሪያዎቹ 13 ወረዳዎች አንዱ ያደረገው ፎገራን ነው፤ መክፈል የማይችሉትን የሚለየው ማኅበረሰቡ ራሱ ስለሆነ የቀበሌው ውሳኔ ለጤና ጣቢያው በር ይከፍታል። የምግብ እጥረት በሚደጋገምባቸው እንደ ላይ ጋይንትና እብናት ባሉ ወረዳዎች ደግሞ ሴፍቲኔት የተባለው የምግብ ዋስትና መርሐ ግብር ነፍሰ ጡርን ከጉልበት ሥራ አንሥቶ ድጋፏን ይቀጥልላታል፤ ለዚህም የጤናና የግብርና ሠራተኞች መነጋገር አለባቸው።

በዓለም አቀፍ ደረጃ

በ1978 የአልማ አታ ጉባኤ በቡድን የሚሠሩ የጤና ሠራተኞችን የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት አካል አደረገ። በ1987 በብሪታኒያ የጋራ ሙያዊ ትምህርትን የሚያራምድ ማዕከል ተቋቋመ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1988 ስለ ጉዳዩ ሪፖርት፣ በ2010 ደግሞ የተግባር ማዕቀፍ አውጥቷል። ጎንደር በ1954 ሥራውን ስትጀምር እነዚህ ሰነዶች ገና አልተጻፉም ነበር።

እንቅፋቶችና ቀጣይ ሥራ

የትምህርት ክፍሎች የጊዜ ሰሌዳ አለመገጣጠም፣ የመስክ ወጪ፣ የመምህራን ከየሙያቸው አለመውጣትና ታናሽ ባለሙያ በታላቅ ፊት ስሕተት ለመጠቆም መፍራቱ ሥልጠናውን ያዳክማሉ። ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል የተባባሰው ግጭትም የመስክ ጉዞንና የሪፈራል ቅብብሎሽን አክብዷል። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ግን በትምህርት ላይ የተለመደው አብሮ መሥራት ከምረቃ በኋላ ደጋፊ ማጣቱ ነው። ጤና ጣቢያው የጋራ የጠዋት ውይይት፣ የጋራ የሞት ምክንያት ምርመራና ከቀበሌ ጋር ቋሚ ስብሰባ ከሌለው ተመራቂው ወደየክፍሉ ይበተናል። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪን በቡድን ውጤት ሲመዝኑ፣ ወረዳዎችም ጤና ጣቢያን በቡድን ሥራው ሲገመግሙ የጎንደር ትምህርት ታማሚው ዘንድ ይደርሳል።