የነገሌ ቦረና ታሪክና የብርቱካን ኬክ

በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ያለችው ነገሌ ቦረና በታሪክ መጻሕፍት ስሟ ጎልቶ የሚነሣው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ ግን በጦር ምክንያት ነው። በ1928 ዓ.ም. በጥር ወር ራስ ደስታ ዳምጠው ይመሩት የነበረው ጦር በገናሌ ግንባር ከተሸነፈ በኋላ የግራዚያኒ ሠራዊት ከተማዪቱን ያዘ። በ1966 ዓ.ም. በጥር ወር ደግሞ በዚያ የሰፈሩት ወታደሮች ምግቡና ውሃው ከፋብን ብለው መኰንኖቻቸውን አሰሩ፤ ይህም በመስከረም 1967 ዓ.ም. ዘውዱን ላወረደው አብዮት አንዱ መነሻ ሆነ።

ዳሩ ግን ከጦር ሰፈር ሌላ የጓዳም ታሪክ አለ። በቆላው ከተማ አንዲት እመቤት የብርቱካን ኬክ ብትጋግር ሥራዋ እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ የዕቃዎቹ ስም ነው። የብርቱካን ፍሬ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ሲሆን ስሙን በዓረቦች በኩል ከፖርቱጋል አገር ወረሰ። ፉርኖ በኢጣልያ ቋንቋ የዳቦ ምድጃ ማለት ነው፤ እኛ ግን የነጭ ስንዴ ዱቄት መጠሪያ አደረግነው። ኬክም የእንግሊዝ ቃል ነው። እንግዲህ ሰሙ ሁሉ የባዕድ ነው።

ወርቁ በአጋገሩ ይገኛል። 2 ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄት፣ 1 ብርጭቆ ስኳርና 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይቀላቀላሉ፤ 1 ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ፣ ግማሽ ብርጭቆ ዘይትና ጥቂት ሎሚ ይጨመራሉ። የብርቱካኑ ቆዳ ለመዓዛው ይፋቃል፤ ከሥሩ ያለው ነጩ ግን መራራ ነውና አይነካም። በፍስክ ጊዜ የቦረና ላም ቅቤ በዘይቱ ፈንታ ይገባል፤ በጾም ግን ቅቤም ዕንቁላልም አያስፈልግም፤ የፍሬው ኮምጣጣነት ከሶዳው ጋር ሲገናኝ አየር ፈጥሮ ሊጡን ያነሣዋልና። አየሩ ቶሎ ስለሚያመልጥ ሊጡ ሳይቈይ በተቀባ ድስት ይገለበጣል፤ ድስቱም በብረት ክዳን ተከድኖ ከታች ለዘብ ያለ ፍም፣ ከላይም ፍም ይደረግበታል። ይህም እናቶቻችን ድፎ ዳቦ ሲጋግሩ የኖሩበት ጥበብ ነው።

ስሙ ከባሕር ማዶ መጣ፤ እሳቱና ጾሙ ግን የቤታችን ናቸው። ጦር የገባበትን ቀን ጸሓፊ ይመዘግበዋል፤ የእናቶችን እጅ ግን የሚመዘግብ ጥቂት ነው። ስለዚህ በነገሌና በአካባቢዋ ያላችሁ የተማራችሁ ሰዎች፣ እናቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ጓዳውን የዘነጋ የከተማ ታሪክ ገና እኩሌታ ነውና።