ድጓን በእጅ መማር

ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት እምቢ ብሎት፣ ከአጎቱ ከጌዴዎን ቅጣት ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ አንዲት ትል ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ዛፉን ስትወጣ አይቶ ተመለሰ እየተባለ የሚተረከውን የማያውቅ የለም። ቅዱስ ያሬድም በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ገብረ መስቀል ጊዜ፣ በአክሱም እንደ ኖረ ይነገራል። ስለ ትሏ ብዙ ስለ ተሰበከ እዚህ አንደግመውም። እኛን የሚያሳስበን ያ ትዕግሥት በዜማ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዴት የአሠራር ደንብ ሊሆን እንደ ቻለ ነው።

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአሕመድ ግራኝ ጦርነት ብዙ መጻሕፍትን አጥፍቶ ሊቃውንቱን ከበተነ በኋላ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለድጓው የዜማ ምልክት እንደ ሠሩለት በሊቃውንቱ ዘንድ ይተረካል። ምልክቱ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ርክርክ፣ ሂደት፣ ቁርጥ የሚባለው ነው። ሁለተኛው ግን በቃሉ አናት ላይ በደቃቁ የሚጻፍ ፊደል ሲሆን፣ ከሌላ የታወቀ ዜማ ቃል የተወሰደ አሕጽሮት ስለ ሆነ «ይህን እንደዚያ በለው» ማለት ነው። «ያን» አስቀድሞ በቃሉ ያልያዘ ሰው ታዲያ ምን ይጠቀማል? እንዲህ ያሉት ፊደላት በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ ምልክቱ የተማረውን ያስታውሰዋል እንጂ ያልተማረውን አያስተምረውም። አንዳንዶች ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን መምህሩን ከወንበሩ ያላስነሣ ጽሕፈት በመሆኑ አደንቀዋለሁ።

ተማሪው ጾመ ድጓንና ምዕራፍን አልፎ ድጓ ሲገባ፣ በየቀኑ የሚቀበለው ጥቂት መስመር ነው። መምህሩ ያዜማል፣ እርሱ ይከተላል፤ ሲስት ይመልሰዋል። ግዕዙን በዕዝል፣ ዕዝሉን በአራራይ ያዛነቀ እንደ ሆነ እንደ ገና ነው። ቀን አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ቁራሽ ይለምናል፤ ማታ ያለ መጽሐፍ፣ በጨለማ፣ ያንኑ ጥቂት መስመር ይደጋግማል። ይህ ለዓመታት ይዘልቃል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ተማሪው የራሱን ድጓ በእጁ የሚጽፍበት ልማድ ነው። ቆዳውን ዘፍዝፎ፣ ወጥሮና ፍቆ ብራና ያደርገዋል፤ በወስፌ ያሰምረዋል፤ ቀለሙን በጥብጦ የመቃ ብርዕ ይቀርፃል። በመስመርና በመስመር መካከል ለምልክቱ የሚሆን ስፍራ መተው አለበት፤ አጥብቦ ከሰመረ ምልክቱ ማረፊያ ያጣል። ቃሉን ጽፎ ሲጨርስ ወደ ምልክቱ ይመለሳል። አንድ ፊደል ከቃሉ አናት ፈቀቅ ካለች ዜማው ከቦታው ይናወጣልና፣ እጁ የሚጽፈውን አፉ እያዜመ ይሄዳል። ዜማውም በእጁ በኩል ዳግመኛ ይገባዋል። (በነገራችን ላይ፣ ቀጥቃጩንና ፋቂውን ስንንቅ በኖርንበት አገር፣ ሊቅ ለመሆን የሚሻው ራሱ ቆዳ ሲፍቅ መኖሩ ብዙ ያነጋግራል።)

ዛሬ የመምህሩን ድምፅ በተንቀሳቃሽ ስልክ መቅዳት ቀላል ነው፤ የታተመ ድጓም ይገዛል። ይህን የሚነቅፍ ካለ እኔ አልተባበረውም፤ በጦርነትና በእሳት የጠፋውን ያየ ሕዝብ ቅጂ መጥላት አይገባውም። ነገር ግን ቅጂ ተማሪው ሲሳሳት አቁሞ አይመልሰውም፤ ስሕተቱንም ሳይሰማ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እኛም በየክፍላችን የምናስተምር ሁሉ፣ ተማሪው ቅጂውን ተከትሎ ማዜሙን እንደ ማወቅ ስንቆጥርለት ስንት ጊዜ ተታለናል!

የድጓ ምስክር የሚሆንበት ስፍራ በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም ናት። በሌላ አገር ድጓ የዘለቀ ሰው እንኳ ለመመስከር ወደዚያ ይወጣል፤ መጽሐፉንም ዘርግቶ ከመምህሩ ፊት ይቀመጣል።