ቀልድም ምንጭ አለው

ቀልድ ይጣራል እንዴ? ትሉኝ ይሆናል። የሳቀ ስቆ ሄዷል፤ ለሳቅ ማን ምስክር ይቆጥራል? ግን አንዳንድ ቀልድ አለ፣ ውሎ ሲያድር ታሪክ የሚሆን። የተቀለደው በእኛ ሲሆን ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። አባቶች «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ያሉት ለዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳውዝ ፓርክ በሚባለው የአሜሪካ የካርቱን ኮሜዲ ውስጥ «ስታርቪን ማርቪን» የተሰኘ ክፍል አለ፤ «ረሃብተኛው ማርቪን» እንደ ማለት። አሜሪካውያን ልጆች ለተራበ ሕፃን ገንዘብ ይልካሉ፤ አዝነው ሳይሆን ለለጋሽ የሚሰጠውን የእጅ ሰዓት ፈልገው። በሰዓቱ ፋንታ ኢትዮጵያዊው ሕፃን ራሱ ከች ይላል። ኋላም ካርትማን የሚባለው ወፍራሙ ልጅ በእሱ ምትክ በስህተት ወደ ኢትዮጵያ ይጫናል።

ወሎ ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ ወጣቶች ቁራጩን በስልክ እያዩ ሲሟገቱ ሰማሁ። አንዱ «በ77ቱ ረሃብ ጊዜ የተሠራ ነው» ይላል። ሌላው «አይደለም፣ በ97 ነው፤ የምርጫው ሰሞን» ይላል። ሦስተኛው «ልጁ እኮ የሚያወራው አማርኛ ነው!» ብሎ ድርቅ አለ። ሦስቱንም እንያቸው።

ክፍሉ በኮሜዲ ሴንትራል ጣቢያ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 1997 ነው፤ በእኛ ኅዳር 10 ቀን 1990 ዓ.ም.። «97» ያለው ልጅ ቁጥሩን አልሳተም፤ የሳተው የዘመን አቆጣጠሩን ነው። «እ.ኤ.አ.» የምትባለዋ ምልክት ስትወድቅ ሰባት ዓመት ይዛ ነው የምትወድቀው።

«77» ያለውም ከመሬት ተነስቶ አላወራም። ማይክል ቡርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ዘገባ በቢቢሲ የተላለፈው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። ካርቱኑ የመጣው ከ13 ዓመት በኋላ፣ ደርግም ወድቆ ስድስት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። የዘመኑ አይደለም፤ ሥዕሉ ግን የተቀዳው ከዚያ ዘመን ነው። አቀዳዱም ትክክል አይደለም። ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር የነበረችው ኮረም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ያለች ደጋ ናት። የተራበውን ሕዝብ ሌሊት ብርዱም ይፈጀው ነበር። ካርቱኑ ግን በረሃ አድርጎ ሣለን።

ቋንቋውስ? ማርቪን የሚያሰማው ምላስን ከላንቃ በማላቀቅ የሚወጣ የጠቅታ ድምፅ ነው። እንዲህ ያሉ ድምፆች ቃል የሚሠሩት እንደ ዙሉና ቆሳ ባሉት የደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች ነው። አማርኛ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ አለው እንጂ በጠቅታ ቃል አይሠራም። እኛ ጠቅታ የምናሰማው «ምጽ!» ብለን ከንፈር ስንመጥ ነው። ከንፈር የተመጠጠለትን ልጅ የከንፈር መጣጭ ድምፅ አናገሩት!

ለቀልደኞቹ ግን ፍርድ አናጓድል። ዒላማቸው በአብዛኛው የገዛ አገራቸው ሰው ነው፤ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ለሰዓት ሲል የሚለግሰው። በካርቱኑ ምግብ ደብቃ ስትበላ የምትታየው ተዋናይት ሳሊ ስትራዘርስ በእውን ለሕፃናት እርዳታ ልመና ማስታወቂያ ትሠራ ነበር። ማስታወቂያው እውነት፣ ምግብ መደበቋ ፈጠራ።

እውነትና ቅጥል ሲቀላቀሉ ደግሞ እኛ ቀድመን አይተናል። ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ያሳየበት ፊልም በእንግሊዝ የታየው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነበር። ደርግ ፊልሙን ከንጉሡ ድግስ ጋር አቀላቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ረሃቡ እውነት፣ ድግሱም እውነት፤ ቅጥሉ ግን የደርግ ነው። ስለዚህ «ምስሉ እውነት ነው?» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ማን ከምን ጋር ቀጠለው?» ማለትም ያስፈልጋል።

አሁን ሌላ ካርቱን ልጨምር። ኅዳር 3 ቀን 2004 ዓ.ም. በታየው የሲምፕሰንስ ክፍል እናትና ልጆች ኢትዮጵያ ምግብ ቤት ገብተው በእንጀራ ይደሰታሉ። በሁለቱ ካርቱኖች መካከል 14 ዓመት አለ። የተለወጠው ግን ዘመኑ ብቻ አይመስለኝም፤ ምንጩም ነው። የመጀመሪያው ቀልድ ከቴሌቪዥን መስኮት የተቀዳ ነው። ሁለተኛው ከገበታ። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ2002 በይፋ የጸደቀው ስደተኛው ወገናችን ምግብ ቤት ከፍቶ ጎረቤት ስለሆነ ነው። አብሮህ የበላ ሰው ሲቀልድብህም እንኳ ያውቅሃል።

የወሎን ስም ተሸክሞ የቆመ ሰፈር ስለ ወሎ ረሃብ ከአሜሪካ ካርቱን ሲማር ግን ያሳዝናል። 77ን ያዩ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ዕድሜያቸው ሄዷል፤ ኮረም ትበርድ እንደነበር ለመናገር ግን ማስረጃ አያሻቸውም። ጠያቂ ነው ያጡት።