የሞላ ሰዓትና የባትሪ ሰዓት በጅማ አገር

አባቶቻችን ሰዓትን ከጥላቸው ያነብቡ ነበር። ሰው በደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ የራሱን ጥላ በገዛ እግሩ ጫማ ይለካል፤ በየወሩ የጥላው ልክ ስንት ጫማ እንደሚሆንም በሐሳብ መጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል። ሠለስት፥ ቀትርና ተሰዓት ሰዓት የተባሉት የጸሎት ጊዜዎች በዚህ ይታወቁ ነበር። በጅማ የሚኖረው ሙስሊምም የሶላቱን ጊዜ ከዚያችው ከፀሐይ ይወስድ ነበርና፥ በአንድ አገር ሁለቱ ጎረቤታሞች አንድ ሰዓት ነበራቸው ለማለት ይቻላል።

ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን በገዙበት ዘመን የሕርማታ ገበያ ሐሙስ ሐሙስ ይቆም ነበር፤ ገበያተኛውም በፀሐይ ተሰብስቦ በፀሐይ ይበተን ነበር። ከ1936 እስከ 1941 የኢጣልያ ወረራ ሆነ። ከጦርነቱም በኋላ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ እየናረ ሄዶ በ1954 እጅግ ከፍ አለ። ከአጋሮ፥ ከሊሙ፥ ከጌራና ከቦንጋ ቡና የሚያስጭን ነጋዴ ከባንክና ከቢሮ ጋራ መገናኘት ግድ ሆነበት፤ እነዚህም በሰዓት የሚከፈቱና በሰዓት የሚዘጉ ናቸው። ጥላ ለጸሎት ቢበቃም ለባንክ አይበቃም።

በዚያን ጊዜ የእጅ ሰዓት ማለት የሞላ ሰዓት ማለት ነበር። አሠራሩ ከፍቶ ለሚመለከተው ሰው ግልጽ ነው። ባለቤቱ በጎኑ ያለችውን መሙያ ሲያዞር ሞላው ተጠቅልሎ ይጠብቃል፤ ሞላው ሲፈታም ጥርስ ያላቸውን መንኰራኵሮች ይገፋል፤ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዘው ክብ ሚዛን ደግሞ ኀይሉን በልክ በልክ ትለቀዋለች። ይህችን ሚዛን የምትገዛውን ቀጭን ጥምዝ ሞላ የሆላንዱ ሊቅ ክርስቲያን ሁይገንስ በ1675 አወጣት። በአንድ ሰዓት 18 ሺህ ወይም 21 ሺህ 600 ጊዜ ትመታለች፤ ሆኖም በቀን ጥቂት ሴኮንድ መቅደሟ ወይም መዘግየቷ አይቀርም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ኳርትዝ የተባለው ድንጋይ ሲጫን ኤሌክትሪክ እንደሚያወጣ ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉት ወንድማማቾች በ1880 አስተውለው ነበር፤ ኤሌክትሪክም ሲያገኘው በማይዛነፍ ልክ ይርገበገባል። የጃፓኑ ሴይኮ ታኅሣሥ 25 ቀን 1969 የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አወጣ። ዛሬ ተራው የኳርትዝ ሰዓት በሴኮንድ 32 ሺህ 768 ጊዜ ይርገበገባል፤ ስሕተቱም በወር ከ15 ሴኮንድ ግድም አያልፍም። የስዊስ አገር ሰዓት ሠሪዎች በ1970 ወደ 90 ሺህ ይደርሱ የነበሩት በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30 ሺህ ግድም ወረዱ። ሲቲዝን ደግሞ በ1976 ባትሪውን በብርሃን የሚሞላ ሰዓት አወጣ። የዚህ ዓይነቱ የዛሬ ሰዓት አንድ ጊዜ ብርሃን ከጠገበ በጨለማ ውስጥ 6 ወር ያህል ይሄዳልና፥ ደመና የማይለየው የጅማ ክረምት አያስፈራውም።

እንግዲህ ሰዓት የሚሰበስብ ሰው የቱን ይምረጥ? ብዙዎች ነገሩን በትክክለኛነቱ ይመዝኑታል፤ በዚህስ የሞላው ሰዓት ተሸንፏል። እኔ ግን ለእኛ አገር ሰው ሌላ ሚዛን ያለ ይመስለኛል፤ ይኸውም ሰዓቱ የእኛን ቀን መማር ይችላል ወይ የሚለው ነው።

ነገሩን በምሳሌ ልግለጠው። «ሴኮ ፋይቭ» እያልን የምንጠራውን፥ በ1963 የወጣውን፥ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላውን ሰዓት እንውሰድ። ቀኑን የምታሳየው ቍጥር በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ቆጣሪው 12 ላይ ሲደርስ ትዞራለች። በአውሮፓ አቈጣጠር ይህ እኩለ ሌሊት ነው። ሰዓቱን በአገራችን አቈጣጠር ለሞላው ሰው ግን 12 ሰዓት ንጋት ወይም ምሽት ነውና፥ ባለቤቱ ከሁለቱ የወደደውን ይመርጣል። ቀኑ ከዋዜማው ማታ ይጀምራል የሚል የቤተ ክህነት ሰው ፀሐይ ስትገባ እንዲለወጥ ያደርገዋል፤ ነጋዴውም ጎሕ ሲቀድ። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ በየወሩ 31ን በእጅ ማሳለፍ፥ ጳጉሜንም በ5 ወይም በ6 መዝጋት ብቻ ይቀራል። ተራው የኳርትዝ ሰዓትም ይህን ይቀበላል። በብርሃን ከሚሠሩት መካከል ግን ወራቱን በውስጡ ቈጥሮ የያዘው ብልኅ ሰዓት አይሆንለትም፤ የካቲትን እንጂ ጳጉሜን አያውቅምና፥ ባለቤቱ ያረመውን እርሱ መልሶ ያጠፋዋል።

ብልኅነቱ በሞላ ሰዓትም ቢሆን ያው ነው። ለቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ በ1954 የተበረከተላቸው፥ ቍጥሩ 2497 የሆነው የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት ቀኑን፥ ወሩንና የጨረቃዋን መልክ ያለ ሰው እጅ ይቈጥራል። በ2015 በጄኔቫ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል በባለቤትነት ክርክር ተነሣ፤ በ2017 ግን ከ2 ሚሊዮን 800 ሺህ የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። የዚህ ሰዓት ስሌት በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ዞሮ ይገጥማል፤ ይህም ማቴዎስ፥ ማርቆስ፥ ሉቃስ፥ ዮሐንስ ብለን የምንቈጥረው አዙሪት ነው። አዙሪቱ የእኛ ሆኖ ሳለ ወራቱ የሌላ ናቸው! የ13 ወር ንጉሥ የ12 ወር ሰዓት መቀበላቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ላሉ የድሮ ሰዓቶች ዋናው ጠላት እርጥበት ነው። ዝናቡ በዓመት ወደ 1 ሺህ 500 ሚሊ ሜትር ይደርሳልና ሞላው ይዝጋል፥ ዘይቱም ይበላሻል። ይህን ፈትቶ፥ አጥቦ፥ ዘይት ቀብቶ የሚገጥም ሰዓት ሠሪ ዛሬ አብዛኛው ሥራው ባትሪ መለወጥና ማሰሪያ ማሳጠር ሆኗል። ባትሪ ለመለወጥ ልጅን ለብዙ ዓመት ማስተማር አያሻም፤ የሞላ ሰዓት ለመፍታት ግን ያሻል። የአባቱን ሰዓት በሣጥን የቈለፈ ሰው ይህ ባለሞያ ሳያርፍ አንድ ጊዜ ቢወስድለት፥ ከተቻለውም ልጁን አብሮ ቢያስቀምጥ፥ እኔ ከጨረታው ሰዓት ይልቅ ይህን ሰብሳቢ እለዋለሁ።